በኋላ የሚከፈት አፍ

ታኅሣሥ 9 ቀን 1977፣ ላሊበላ

ዛሬ ለልጆቹ የእንስሳትን አመዳደብ አስተማርኩ። ከጎረቤቴ ከእማማ ጥሩዬ ዶሮ ሥር ያመጣሁትን እንቁላል ሳህን ላይ ሰብሬ ሽሉን አሳየኋቸው። ትልና ነፍሳት ሽል ሳሉ ከፊንጢጣቸው አፋቸው ቀድሞ ይከፈታል፤ የዶሮም የእኛም ግን ኋላ ነው፤ ስለዚህ ከዶሮ ጋር አንድ ወገን ነን አልኳቸው።

ድርቁ ከብልባላ ያባረራት ዘነበች እጇን አነሳች።

«ጋሼ፣ የእኛስ ጭራሽ ባይከፈት ምን ነበረበት?»

ማንም አልሳቀም። እኔም ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ።

ከደወሉ በኋላ ሳህኑን ላነሳ ብመለስ ሽሉም አስኳሉም የለም፤ ሳህኑ ተልሷል። የገና ጾም ነው። እዚህ አገር በጾም እንቁላል የሚቀምስ ልጅ አይቼ አላውቅም። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ነገም ሰብሬ ሳህኑን ልተውላቸው ነው፤ ትምህርቱ ግን ዛሬ አልቋል። ዶሮዋ ሥር የቀረው አንድ እንቁላል ነው።