ሁለተኛዋ መኪና

ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለሳህሉ፣

እንደምን ሰነበትክ? ካልጋሪ ጤናህ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። በስልክ ስነግርህ «ኦኬ እማዬ፣ ገብቶኛል» እያልክ ወሬ ስለምትቀይርብኝ በወረቀት ጻፍኩልህ። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የወንድምህን የኖላዊን መርዶ የሰማሁበትን ቀን አውርቼልህ አላውቅም። እሑድ ማለዳ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ለብሼ ጫማዬን ስፈልግ በሩ ተንኳኳ። መምሬ ገብረእግዚአብሔርና ጎረቤቶቻችን አቶ ደረጄና የፀዲ እናት ናቸው። በዚያ ሰዓት ሦስት ሰው ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። እኔ ግን ሳቅሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ያለችው አክስትህ ዓለምሸት ያደረገችውን ታስታውሳለህ። ኖላዊ ያለባት መኪና ስትቃጠል ዩቲዩብ ላይ አይታ፣ ከጓደኞቹ ጋር የሠራው ፊልም መሆኑ ሳይገባት ጎረቤት ሰብስባ ድንኳን ልታስተክል ነበር። እሱ ራሱ ደውሎ «አክስቴ፣ ተዝካሬ ላይ ዶሮ ይኑር እሺ» ብሏት ስንት ወር ሳቅንባት። ያ ሁሉ ጭስ እኮ ከመኪናዋ ኋላ በብረት ድስት የነደደ ከሰል ነበር። እነ መምሬም እንደዚያው የተታለሉ መሰለኝ።

«ደግሞ ዛሬ ማን ፊልም አይቶ ነው?» አልኳቸው። «ግቡ፣ ልጄ ጓደኛው ማኑ ቤት አድሮ ነው። ድምፁን አሰማችኋለሁ።»

ደወልኩ። ስልኩ አቶ ደረጄ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ለካ ማኑ ሰጥቶት ኖሯል። አላወጣውም፤ ጮኾ ጮኾ እስኪያበቃ ጫማውን ያይ ነበር። መምሬ «ተቀመጪ እታገኝ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

ከአርባው በኋላ ማኑን ሁሉንም ንገረኝ አልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በተዘጋ መደብር መኪና ማቆሚያ ላይ ነበሩ። ኖላዊ በሁለት ቫኖች መካከል በፍጥነት አልፎ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ መኪናዋን አዙሮ ማቆም ነበረበት። «በመጀመሪያው ሙከራ አምሮለት ነበር፤ እኛ ይበቃል አልን። እሱ ነው አንዴ ልድገመው ያለው» አለኝ። ሲደግመው የፊት ጎማው ፈነዳና መኪናዋ ከሲሚንቶ ምሰሶ ጋር ተላተመች። መኪናዋ ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጣት ከነበረ ሰው የተገዛች ናት።

እነ ማኑ አንድ ዓይነት ግራጫ መኪና ሁለት ነው የገዙት፤ አንዷ ለመጋጨት፣ አንዷ ከቅርብ ለመቅረጽ። ሁለተኛዋ እኛ ሕንፃ ሥር፣ በእኔ መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ቆማ ነበር። ጠዋት ለሥራ ስወጣ ሳላያት አላልፍም ነበር። አንድ ቀን መስታወቷ በጉም ተሸፍኖ አየሁ፤ ውስጥ ሰው የተነፈሰ መሰለኝ።

ባለፈው ሮብ ማኑ መጣ። ሻይ ሰጠሁት።

«እትዬ፣ የኖላዊ ጃኬት እርስዎ ጋ ነው?» አለኝ። ትከሻውና ክርኑ ላይ የአሮጌ ሶፋ ስፖንጅ የሰፋሁበትን ማለቱ ነው።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ሳህሉ ይለብሰዋል። ከኋላ ሲታዩ አንድ ናቸው እኮ፤ ማንም አይለይም።»

በክፋት አልነበረም። እሱም እያለቀሰ ነው ያለኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተን ከኋላህ እንጂ ከፊትህ ማሰብ አቅቶኛል።

ሐሙስ ስደውልልህ «አንድ ሾት ብቻ ነው የምነዳላቸው እማዬ፤ የወንድሜ ፊልም እንዲሁ አይቀርም» አልከኝ። «ደግሞ እኔ ትራክ የምነዳ ሰው ነኝ» ብለህ ሳቅህ። የሳቅከው በእሱ ሳቅ ነው።

ልቆጣህም አፍ የለኝም። ዳንፎርዝ መንገድ ባለው አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያ ፊልማቸውን ያሳዩ ቀን፣ መኪናዋ ስትገለበጥ ሰው ሁሉ ዝም ሲል ተነሥቼ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ኖላዊ ዞር ብሎ አየኝ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

አሁን የምነግርህን ሰምተህ አትቀየመኝ። ዓርብ ዕለት አሮጌ መኪና የሚሰበስቡትን ጠርቼ መኪናዋን አስጎተትኳት። ለወጣት ኢንሹራንሱ ይከብዳል ተብሎ ሁለቱም መኪኖች በእኔ ስም ስለነበሩ ማንም አልከለከለኝም። የሚጎትተው ሰውዬ «ደህና መኪና እኮ ናት፣ ለምን?» አለኝ። «ልጄ ሊነዳት ይፈልጋል» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። የጃኬቱንም ስፌት ፈታሁት።

ማኑ ሌላ መኪና እንደማያጣ አውቃለሁ። አንተም ትልቅ ሰው ነህ፣ አስሬ አላስቀምጥህም። በቀረኝ እናትነት ግን እለምንሃለሁ፤ ያ ፊልም እንደተጀመረ ይቅር። አትምጣ አላልኩህም። ና፣ ግን እኔን ልታይ ና።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ለጸሎት ስም የሚጻፍባቸውን ሁለት ወረቀቶች ይዘው ወጡ፤ አንዱ የሙታን፣ አንዱ የሕያዋን። ወንድምህን በሙታኑ ላይ ጻፍኩት። አንተን በሕያዋኑ ላይ። ፊደሉ አልነበብ ብሎኝ፣ አንተን ሁለት ጊዜ ጻፍኩህ።

እመቤቴ መንገድህን ትያዝልህ። ከወጣህበት በሰላም ትመልስህ።

እናትህ እታገኝ

ደብዳቤውን አብረውህ ለሚኖሩት ልጆችም አንብብላቸው። ይህን የምትሰሙ ልጆቼ፣ ኖላዊ የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው። ስትጸልዩ በዚህ ስም ጥሩልኝ፤ ነፍሱን ይማርልኝ በሉልኝ።