የአቶ ይርዳው ንጉሡ ሕይወትና ባለሞላ ሰንጢዎቻቸው

አቶ ይርዳው ንጉሡ ከአባታቸው ከአቶ ንጉሡ አለምነውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማንጠግቦሽ ሙሐሲን በ1939 ዓ.ም. በቀድሞው ቦረና አውራጃ፣ ከመካነ ሰላም ማዶ ካለው አፋፍ ላይ ተወለዱ። ፊደል ከቄስ ዘንድ ቆጥረው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ ያልገፉት አእምሮ አንሷቸው አይደለም። በ1958 ዓ.ም. ካርታ የሚያነሱ አሜሪካኖች በሄሊኮፕተር መጥተው ሲሰፍሩ ዕቃ ተሸካሚ ሆነው ተቀጠሩ። አንደኛው ፈረንጅ ሲሰናበት ባለሞላ ሰንጢ ሰጣቸው፤ ቁልፏን ሲጫኗት ስለቷ ከእጀታው ቀጭ ብሎ የሚወረወር። ሰውዬው ሰንጢውን ትቶ ልባቸውን ይዞ ሄደ።

በ1964 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሻለም ስማቸው ጋር ጋብቻ መሠረቱ። የጭነት መኪና ሾፌር ሆነው ከደሴ አሥመራ ሲመላለሱ፣ ሌላው ሾፌር ለሚስቱ ነጠላ ይዞ ይገባል፤ እሳቸው የአሜሪካን ወታደር ጥሎት የሄደ አሮጌ ሰንጢ ለቅመው ይገባሉ። እጀታው አጥንት የሆነውን፣ ሞላው የላላውን፣ ሁሉንም በዘይት ጨርቅ እያሹ «እንዲህ ያለ ዛሬ አይሠራም» ይላሉ። ወ/ሮ የሻለም «ታዲያ ሽንኩርት ይቆርጣል?» ቢሉ እሳቸው ማሸታቸውን ይቀጥላሉ። ለፋሲካ በግ የሚታረደው በውሰት ቢላ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው አለምነው ተወለደ። አራስ ወደ ደጅ ስትወጣ ብረት መያዝ ደንብ ነውና ወ/ሮ የሻለም አንድ ሰንጢ ጠየቁ።

«የእጅሽ ላብ ያዝገዋል» አሉ አቶ ይርዳው።

ሳጥን ሙሉ ስለት ካለበት ቤት፣ ወ/ሮ የሻለም እስከ ልጁ ክርስትና ድረስ ጎረቤታቸው ወ/ሮ ዘይነባ ባዋሷቸው ማጭድ ወጡ ገቡ። ይህን አገር ያውቃል፤ እዚህ ተቀምጣችሁ አንገታችሁን የደፋችሁትም ታውቃላችሁ።

በዛች የተባለችው ሴት ልጃቸው ከአረብ አገር ደውላ «አባዬ፣ ምን ልላክልዎት?» ስትል «መቼ ትመጫለሽ?» አላሉም። «አሮጌ የአሜሪካን ሰንጢ ካገኘሽ» አሉ። ፈልጋ ላከች። እሷ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣችም።

አምና እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሐኪም ቢታይም አልተሻለውም፤ አውራ ጣታቸው ቁልፍ መጫን አቃተው። አንድ ቀን ያችን የፈረንጁን ሰንጢ ከትራሳቸው ሥር አወጡና «የሻለም፣ እስቲ አንቺ ተጫኚልኝ፤ ድምጿን ልስማ» አሉ።

ወ/ሮ የሻለም ይህን ለመባል ዕድሜ ፈጀባቸው። ተጫኑ፤ ቀጭ አለች። ሰንጢዋን አልመለሱላቸውም፤ ብርቱካን ላጡባት። አቶ ይርዳው ትክ ብለው አዩ። የተላጠውን ተቀብለው በሉና «ለካ ትቆርጣለች» አሉ።

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ79 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችንና የልጅ ልጆችን ትተዋል። በዛች ይህን በስልክ እየሰማች ነው።

ሰንጢዎቹን ለመግዛት ከድንኳኑ ጥግ የምትንሾካሾኩ፣ አትድከሙ፤ ወጥ ቤት ገብተዋል። አቶ ይርዳውን እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው፣ ነፍሳቸውንም በደጋጎቹ መካከል ያኑርልን። ወ/ሮ የሻለም ግን ገና እያሰቡበት ነው።