የአባታችን ምድጃ ክዳን አልገጥም አለ

ሜከን፣ ጆርጂያ
ሐሙስ ማታ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? የእግርህ አውራ ጣትስ እንዴት ሆነ? እኔ ከደም ግፊቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱንም ያስነሳብኝ ይህ ክዳን ነው።

የአባታችን የሴራሚክ ምድጃ ክዳን፣ አምና በነጻነት ቀን ስትከፍተው እግርህ ላይ ከወደቀ ወዲህ አልገጥም ብሎኛል። በማግስቱ ብቻዬን መልሼ ሰቀልኩት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፊት በግራ በኩል ትንሽ ጣት የምታስገባ ክፍተት አለ። ጭሱ በዚያ ይወጣል፣ አየር በዚያ ይገባል፣ ከሰሉም እንደፈለገው ይነዳል። ለአሳማ ትከሻ የምፈልገው ሁለት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ እሱ አራት መቶ ይሰጠኛል። ዓመቱን ሙሉ የበላሁት የተቃጠለ ሥጋ ነው። በበላሁ ቁጥርም አንተን ረግሜሃለሁ፤ ለምን እደብቅሃለሁ።

በዚህ ወር የመጨረሻ ቅዳሜ እናታችን ሰማንያ ዓመት ይሞላታል። ስጦታ ብዬ ስጠይቃት የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ በአባታችን ምድጃ ቀስ ብሎ የበሰለ ትከሻ። እሺ አልኳት። ቀጥላ አንተን ጠርቼህ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ክዳን በሥርዓት መክፈት የማያውቅ ሰው ጓሮዬ አይገባም አልኳት።

«ሁለት ልጅ ነው የወለድኩት» አለችኝ። «አንዱ በሌለበት ገበታ እኔን አትጠብቀኝ። ደግሞ ያን ቀን ሮጠህ ያየኸው ክዳኑ ተሰንጥቆ እንደሆነ እንጂ የልጄን እግር አልነበረም።» ስልኩን ዘጋችው።

ሰኞ መፍቻዬን ይዤ ወጣሁ። ክዳኑን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘውን የብረት ቀበቶ ዳዶዎች ማላላት፣ ክዳኑን ወደ ቦታው መግፋት፣ ከዚያ እንደተዘጋ ማጥበቅ ነው። ሲያወሩት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ግን ግራውን ሲያስተካክል ቀኙ ይነሳል፣ ፊቱን ሲጫን ኋላው ይከፈታል። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ። ረቡዕ ጎረቤቴ ዌንደል፣ ያ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ አጥሩን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና፣ «ኢንጂነር፣ የምትመረምራቸው ድልድዮችም እንዲህ ናቸው? ንገረኝና በሌላ መንገድ ልዙር» አለኝ።

«ቀልዱን ተውና ናና ያዝልኝ» አልኩት።

እሱ በሁለት እጁ ተጫነው፤ እኔ ዳዶዎቹን በየተራ ሩብ ሩብ ዙር አጠበቅኩ። ከዚያ የአንድ ዶላር ኖት በክዳኑና በምድጃው አፍ መካከል እያስገባን፣ ዙሪያውን እየሳብን ሞከርነው። ኋላ በማጠፊያው በኩል ብቻ ሾለከ፤ የቀረው ሁሉ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። የክዳኑን ጠርዝ የጨርቅ ማሸጊያ የለጠፍኩት እኔ ስለሆንኩ በስንት ውፍረት እንደለጠፍኩት ለማየት ደብተሬን አወጣሁ፤ ልጆችህ የሚስቁበትን፣ የቤቱን ሥራ ሁሉ የምመዘግብበትን። በአምናው በዓል ዋዜማ በእጄ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤

«አዲስ ማሸጊያ ተለጥፏል። ክዳኑ ተመልሷል። ሙጫው እስኪደርቅ ዳዶዎቹ በእጅ ብቻ ተይዘዋል። ነገ ጠዋት በመፍቻ ይጠበቁ።»

ሥራ ሲያልቅ ከጎኑ የማደርገው ምልክት የለም።

ዌንደል ከትከሻዬ በላይ አነበበው። እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ገጽ ባገኘሁ ቁጥር ድልድዩን አዘግቼ ሰውየውን ከሥራ አስነስቻለሁ። ብረት ሲሞቅ እንደሚላላ፣ ያልጠበቀ ቀበቶም ክዳን እንደሚለቅ ደግሞ ለአንተ አልነግርህም። ገጹን ቀድጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ።

ያን ቀን ስጮህብህ ጓሮው ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ትናንትና ዛሬ ለአሥራ አንዱም ደውዬ ገጹን አነበብኩላቸው። የአጎታችን ሚስት መስመሩ ይቆራረጣል ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ምንም አልተቆራረጠም። የመጨረሻዋ እናታችን ነበረች። አንብቤ ስጨርስ፣ «ለእኔ ምን ታነብልኛለህ፤ የተሰበረው የእኔ እግር ነው?» አለችኝ።

ኋላ በኩል ማሸጊያው ተነስቶ ነበር፤ መልሼ ለጠፍኩት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ለአምስት ሰዓት ያህል ሳይነቃነቅ ቆመ። ክዳኑ ገጥሟል፤ ስለዚህ ለሥራ አይደለም የምጠራህ። በልደቷ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ገበታ እንቀመጣለን።

አምላክ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ቤትህን በሰላም ይጠብቅልህ። ከሳቫና እስከዚህ መንገዱን እየቆፈሩት ነው፤ ቀስ ብለህ ንዳ። እግርህ ካመመህ ባለቤትህ ትንዳ።

ታላቅ ወንድምህ