ስለ አባ ቁረጠው ኅልፈትና ስለ መጨረሻው የአኻያ ማሳ

የማገዶ ዛፍ አብቃዮች ማኅበራችን መሥራች አባሉንና የመስክ ሥራ ኃላፊውን፣ ሁላችንም አባ ቁረጠው እያልን የምንጠራቸውን አባታችንን፣ ማክሰኞ ጠዋት በድንገተኛ ሕመም አጥቷል። ሐዘናችን ከባድ ነው። የምንጽናናበት ነገር ፈልገን አላገኘንም፤ ቢኖር ኖሮ እዚህ ላይ በጻፍነው ነበር።

ማኅበሩ በተመሠረተበት ዓመት የመጀመሪያዎቹን የአኻያና ፖፕላር የሚባለውን ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ ቁራጮች በረድፍ የተከሉት እሳቸው ናቸው። በዓመቱ ችግኙ ቁመታችንን ሲያልፍ፣ ከአፈር አስጠግተን እንድንቆርጠው አዘዙን። እንዴት ተደርጎ ብለን አኮረፍን። "ቁረጠው! ሥሩ መች ሞተ?" እያሉ በየማሳው ዞሩ፤ ስሙም ያን ጊዜ ወጣላቸው። ብርዱ ሲያልፍ ከአንዱ ጉቶ ስምንት አሥር ቀንበጥ ሲያቆጠቁጥ ጉድ አልን።

ከዚያ ወዲህ በየሦስት ዓመቱ እየቆረጥንና እየከተከትን እንጨት እያነደደ ለሕንጻዎች ሙቀት ለሚያከፋፍለው የከተማው ማሞቂያ ጣቢያ አስረከብን። ክሊኒኩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የኪራይ ሕንጻዎቹም የብርዱን ወራት የተሻገሩት በዚህ እንጨት ነው።

ዋግ ቅጠሉን በጨረሰበት ዓመት ደግሞ ዝርያ ቀላቅለው እንደ አዲስ አስተከሉን።

ካቻምና ጣቢያው ወደ ጋዝ ዞረና በሩ ተዘጋብን። የመቁረጫ ማሽናችን ተሸጠ። አባላት ጉቶውን በኤክስካቫተር እያስነቀሉ ሌላ ዘሩበት፤ ማንንም አንወቅስም፣ ልጆች መብላት አለባቸው። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ገዢ የለም ስንላቸው "ይመጣል" ይሉን ነበር። አልመጣም። ዛሬ በአካባቢው የቀረው የአኻያ ማሳ የእሳቸው ብቻ ሲሆን፣ ይኸው መቆረጫው ደርሶ ቆሟል። ሌላው ማሳ ላይ ሥሩም ሞቷል።

ለባለቤታቸው፣ በክሊኒኩ ነርስ ለሆኑት ልጃቸው፣ አብረዋቸው ለደከሙ ሁሉ ሸክሙን ያቅልላችሁ እንላለን። እኛንም አልቀለለንም።

ማኅበሩ ለቀብሩ የአበባ ጉንጉን ለማዘጋጀት ባለቤታቸውን አማክሮ ነበር። የሰጡን መልስ እንዳለ ለአባላት እንዲደርስ ተወስኗል፦

"አበባው ይቅር ልጆቼ። ከቀብር መልስ መጋዝ ይዛችሁ ወደ ማሳው ኑልኝ። ለሽያጭ አይደለም። እርጥብ ነው፣ አይነድም አትበሉኝ። ቤቱ ቀዝቅዞብኛል።"