ጉንዳን ያልያዘው ረድፍ

ውድ ታላቄ ዎሩ፣

ዓይንህ እንዴት ሆነ? ሚስትህ ቦና "አቧራ ገብቶበት ነው" አለችኝ። ባሌ ቢዮ ደግሞ "ማሽላ ስወቃ እብቅ ገባብኝ ብሎኛል" አለ። ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው፤ ሁሉም ሰው ዘር እየዘራ ነው። በዚህ ወር ማሽላ የሚወቃ ሰው እኔ አላውቅም። ለማንኛውም አሁን ባለህበት በፓራኩ ከተማ ጥሩ የዓይን ሐኪም አለ ይባላል። ይማርህ።

ስልክ ያልደወልኩልህ አንተ ድምፁን ከፍተህ ስለምታወራ ነው። እኔ የምልህን አማትህም፣ ደጃፍ ላይ የሚቀመጡት ሰዎችም እንዲሰሙት አልፈለግኩም። ይህን ወረቀት የሚያመጣልህ ባለሞተር ማንበብ እንደማይችል ምሎልኛል። ቢምልም ፖስታውን በሙጫ አሽጌዋለሁ። ተከፍቶ ከደረሰህ ንገረኝ።

እሁድ የመንደሩ ሹም ደጅ ላይ እንሰበሰባለን። ዴሞ ከነልጆቹና ከነከብቶቹ ከአትክልታችን ጥግ ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለው ይቆረጣል። ከሳሹ አንተ ነህ። "ማንጎአችንን የሚሰርቁን ከብት አርቢዎቹ ፉላኒዎች ናቸው" ብለህ ለሹሙ ነግረሃል። ታላቅ ስለሆንክ፣ አባታችንም ስለሌለ፣ የአንተ ቃል ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ከእሁድ በፊት ያየሁትን ልንገርህ።

አባታችን ጉንዳኖቹን ያመጣበትን ቀን አንተ ከእኔ የበለጠ ታስታውሳለህ። ከወንዙ ዳር ጫካ በቅጠል የተሰፉ ጎጆዎቻቸውን በጆንያ ተሸክሞ መጣ፤ ክንዱ እስከ ትከሻው ቀልቶ ነበር። አንዱን ጎሣ በምሥራቅ በኩል፣ በእናትህ ቤት ፊት ለፊት ባሉት ዛፎች ላይ አሰፈረ። ሌላውን ከሌላ ቦታ አምጥቶ በእኔ እናት ቤት በኩል አሰፈረ። በዛፍና በዛፍ መካከል ገመድ ዘረጋላቸው፤ መሬት ሳይነኩ እንዲሄዱ። በዚያ ዓመት የማንጎ ዝንብ የጎረቤቶቻችንን ፍሬ በሙሉ ትል ሲያደርገው የእኛ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

አንድ ቀን እሱ ገበያ ሲሄድ አንተና እኔ የምሥራቁን ዛፎች ከምዕራቦቹ ጋር በገመድ አገናኘናቸው። ይረዳዳሉ ብለን ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ መሬቱ በሬሳ ተሸፈነ። አንዱን ጉንዳን ስድስት ሆነው በስድስት እግሩ ይጎትቱት ነበር። አባታችን ተመልሶ ገመዱን በቢላዋ ቆረጠ። አልመታንም።

"እነዚህ ይመሳሰላሉ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም" አለን። ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለውን የዛፍ ረድፍ አሳየን። የአንተም የእኔም ጉንዳኖች ያንን ረድፍ አይነኩትም፤ የነካ ውጊያ ያስነሳል። ጠባቂ ስለሌለው ዝንቡ እንቁላሉን እዚያ ይጥላል። ፍሬውን በጥሬው ለቅመን ለፍየሎች እንሰጥ ነበር። ረድፉ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆይም። አንዱ ጎሣ ሲበረታ ወዲያ፣ ሲደክም ወዲህ ይሄዳል። በየዓመቱ እየዞሩ ካላዩት አይታወቅም። አባታችን ይህን ለውጭ ሰው እንዳንናገር አስጠንቅቆናል፤ ጉንዳን የሌለበትን ዛፍ ያወቀ ሌባ ሳይነከስ ይወጣበታላ።

ስርቆቱ የጀመረው በጁምዓ ሶላት ሰዓት ነው። ወንዶቹ መስጊድ፣ ሴቶቹ ምድጃ ዳር ባሉበት ሰዓት። ፍሬው ጠፋ፤ በሚቀጥለው ጁምዓም ጠፋ። አንተ "ሌላ ማን አለ?" አልክ፤ እኔም ሌላ ማን እንዳለ አልታየኝም። ወደ ዴሞ ሰፈር የሄድኩት ላጣራ ሳይሆን ልይዘው ነው።

"ዴሞ፣ ማንጎዬን ማን ወሰደው?" አልኩት።

"ላሞቼ" አለኝ፣ ፊቱን ሳይፈታ። "አንዷ ጎንበስ ትላለች፣ ሌላዋ ጀርባዋ ላይ ትወጣለች።"

"እየቀለድኩ አይደለም።"

"እኔስ? እናንተ ገበሬዎች ላም ዛፍ ላይ ስትወጣ እስክታዩ ድረስ አታምኑም።"

ሚስቱ ዲኮ አይብ እየቀቀለች ነበር። ማማሰያዋን አስቀምጣ ተነሳች። "አልሸሽግሽም፣ ባኬ። አምና ትልቁ ልጄ ወጥቶ ነበር። ጉንዳኑ ሱሪውን አስወልቆ አባረረው። አማቶቹ ሊያዩት በመጡበት ቀን፣ በመካከላቸው ራቁቱን እየሮጠ አለፈ። አሁን ማንጎ የሚል ቃል ሲሰማ ራሱ ያሳክከዋል።"

"ልጅቷን ግን ሰጡት" አለ ዴሞ። "ምንም የተደበቀ ነገር የለም ብለው።"

አልሳቅኩም። አጥራቸው ሥር የተከመረ ማንጎ እያየሁ ነበር። በጣቴ አሳየኋት።

"ጠዋት ስንነሳ እዚህ ተደፍቶ አገኘነው" አለች ዲኮ። "የሰረቀ ሰው ደጁ ላይ ይከምራል?"

"ብልጥ ሌባ ይከምራል።"

"ብልጥ ስላልሽን አላህ ይስጥሽ" አለችና ወደ አይቧ ተመለሰች።

ከክምሩ አንዱን አንስቼ በቢላዋዬ ሰነጠቅኩት። ትል ነው። ሌላውንም፣ ሌላውንም። ሁሉም ትል ነው። እቤቴ እስክደርስ ድረስ ይህን ሳሰላስል ነበር። ሊሸጥ የሚሰርቅ ሰው ትል ያለበትን ለቅሞ አይደክምም። ሊበላ የሚሰርቅም እንዲሁ። ይህ ሰው ማንጎ አልፈለገም ማለት ነው። ማንጎ መጥፋቱን ነው የፈለገው።

ከዚያ አትክልቱ ውስጥ ገብቼ የተራቆቱትን ዛፎች አንድ በአንድ አየሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ረድፍ ላይ ናቸው። ዘንድሮ ጉንዳን ያልያዘው ረድፍ። ግራና ቀኙ ካሉት ዛፎች አንዲት ፍሬ አልተነካችም።

ይህን ረድፍ የሚያውቁ ስንት ሰዎች አሉ? አንተ፣ እኔ፣ አትክልቱን ከእኔ ጋር የሚሠራው ቢዮ። ቦና ከሸረሪት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አታድርም፤ እሷን ተውኳት። እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቢዮን ነው። ሲታጠብ የቅርንጫፍ ጭረት ካለበት ብዬ አንገቱንና ክንዱን አየሁት።

"ምን ታያለሽ?" አለኝ።

"ምንም።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ሳታዪኝ ኖረሽ ዛሬ ምን ተገኘ?"

በሶላት ሰዓት የት እንደነበረ አጠገቡ የሰገደውን ሰው ጠየቅኩ፤ ከኢማሙ ጀርባ ነበር። ከዚያ ስለ አንተ ጠየቅኩ። ሰውየው አሰብ አድርጎ "ከኋላ ይሆናል" አለ። አንተ ከኋላ ሰግደህ አታውቅም።

ዝናቡ ሊጀምር ሲል ዴሞ ሰፈር አብረን የቆምንበት ቀን ትዝ አለኝ። አፈሩን በእግርህ ጣት እየጫርክ "ይሄ ያለ ምንም ማዳበሪያ የካሹ ለውዝ ያበቅላል" አልክ። እውነትህን ነው። የዴሞ ከብቶች ስንት በጋ አድረውበታል። በስምምነታችን መሠረት በየጊዜው በረታቸውን ያዛውራሉ፣ እኛም በለቀቁት ላይ የቦዬ ሥራሥር እንተክላለን፣ እነሱም የእርሻችንን ቃርሚያ ይበላሉ። ማንም ማንንም ስለወደደ አይደለም። ጉንዳኖቹም ዝንቡን የሚያባርሩት ለእኔና ለአንተ ብለው አይደለም፤ የራሳቸውን ጎጆና ምግብ ነው የሚጠብቁት። እኛም የምናስቀምጣቸው ስለሚጠቅሙን ነው። አብሮ መኖሩ በዚህ ላይ ቆሟል። የካሹ ዛፍ ግን አንዴ ከተተከለ ቦታውን ለማንም አያዛውርም። በረት የነበረው ሁሉ የአንተ ዛፍ ይሆናል፤ ዴሞም የሚሄድበት የለውም። ወደ ሰሜን ያሉት መንደሮች ከብት ይዞ የመጣን ሰው በዱላ እንደሚቀበሉት ታውቃለህ።

ይህ ሁሉ ግምት ነው። በግምት ወንድሜን ሹም ፊት አላቆምም። ስለዚህ አንድ ነገር አደረግኩ፤ ለማንም ሳልናገር።

ከገበያ የዓሣ አንጀትና ጭንቅላት መግዛት ጀመርኩ። ቢዮ "ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" አለኝ።

"ለድመቷ።"

"ድመቷ ሠርግ አላት?"

ዓሣውን ጠዋት ጠዋት በእኔ በኩል ድንበር ላይ ባሉት ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ አኖርኩ። ጉንዳኖቼ በዙ። አዳዲስ ጎጆ ሰፉ። ከዚያ ገመድ ዘርግቼ ወደ ባዶው ረድፍ አሻገርኳቸው። የአንተዎቹ ወጥተው ገጠሟቸው። ቆሜ አየሁት። የእኔዎቹ ጠግበዋል፣ በዝተዋል፤ የአንተዎቹ አልቻሉም፣ አፈገፈጉ። ባዶው ረድፍ ወደ አንተ ክልል ገባ፤ የድሮው ረድፍ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በጉንዳን ተሞላ። ከታች ቆሞ ለሚያይ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ጎጆዎቹ ላይኛው ቅጠል ውስጥ ናቸው።

አዎ፣ በዚህ ሥራ ከአንተ ዛፎች የተወሰኑትን የእኔ ጉንዳኖች ይዘዋል። ይቅርታ አልጠይቅህም።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሄጄ አየሁ። ከድሮው ረድፍ መካከል አንድ ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ጎጆ ተቀዷል። ከሥሩ ግማሽ የሞላ ጆንያ ወድቋል፤ ጉንዳኑ በላዩ ይርመሰመሳል። የወጣው ሰው አልወረደም፣ ዘሏል። አንድ ነገር ልብ በል፤ ጉንዳን ፈርቶ ቢሆን ኖሮ እንደ ሁሉም ሰው ክንዱን አመድ ይቀባ ነበር። ግንዱ ላይ ግን የአመድ ምልክት የለም። ምንም እንደማይነካው እርግጠኛ ሆኖ ነው የወጣው። ጉንዳን ሲነክስ ቁስሉ ላይ አሲዱን ይረጫል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ሰው ሁለት ቀን ማየት አይችልም። ይህን ያስተማረን አባታችን ነው።

አንተ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በሞተር ፓራኩ ሄድክ።

ምናልባት ተሳስቻለሁ። ምናልባት በእውነት አቧራ ነው። ሌሊት ሌሊት ለአንተ ስከራከር አድራለሁ፤ ሁሌ እብቁ ላይ ስደርስ እሸነፋለሁ። ሰው አንድ እውነት ካለው ለሚስቱ አንድ፣ ለአማቹ ሌላ አይናገርም።

የምልህ ይህ ነው። ለቢዮ አልነገርኩትም። ጆንያውን ደብቄዋለሁ፤ የት እንደሆነ አትጠይቀኝ። እሁድ ተነስተህ "ተሳስቼ ነበር፣ ዴሞ አይደለም" ብትል አፌን እዘጋለሁ፣ እስክሞትም እዘጋለሁ። የዴሞን ስም ከጠራህ ግን እኔም እነሳለሁ። ሴት ሹም ፊት ሳትጠየቅ አትናገርም እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ይበሉ። መላው ስብሰባ ተነስቶ ወደ አትክልቱ እንዲሄድ እጠይቃለሁ። የዴሞ ልጆች ዛፍ ይምረጡ፤ ይወጣሉ፣ ይነከሳሉ፣ ሰውም ይስቃል። ከዚያ "ታላቄ፣ አንተ ደግሞ የትኛው ዛፍ ጉንዳን እንደሌለበት አሳየን" እላለሁ። የትኛው እንደሆነ ዛሬ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንተ የድሮውን፣ ፍሬው የተሰረቀበትን ረድፍ ብታሳይ ሰው ሁሉ የሚረዳውን ይረዳል። "አላውቅም" ብትል ደግሞ የአባታችን የበኩር ልጅ መሆንህን ለሚያውቁ ሽማግሌዎች ማስረዳት የአንተ ፋንታ ነው።

ዴሞ እሁድን አልጠበቀም። ትናንት ዲኮ የጎጆዋን ምሰሶ ስትነቅል አገኘኋት፤ "ሲያባርሩን ሰው እያየን ከምናፈርስ ራሳችን እናፍርሰው" አለችኝ። ጉድጓዶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል፣ ዝናብ ገብቶባቸዋል።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ መቆፈሪያዬን ይዤ ወደ እሷ እሄዳለሁ። መንገዱ በቤትህ ደጅ ነው የሚያልፈው፤ በእሱ እሄዳለሁ፣ ቦናም ታየኛለች። ምሰሶዎቹን መልሰን እንተክላለን። እሁድ ስትመጣ ጎጆው ቆሞ ታገኘዋለህ፤ ከመናገርህ በፊት እሱን እየው።

እህትህ፣
ባኬ