ጠያቂ ያለው ኢንሹራንስ

ረቡዕ፣ ሰኔ 16 ቀን 2013፤ ኦክላንድ

ዛሬ ለሜክሲኮው ጉዞ ኢንሹራንስ ገዛሁ። ልጄ ቤዛ ለስድሳኛ ዓመቴ አንድ ቲኬት ቆርጣልኝ፣ "ዳድ፣ ጀስት ሪላክስ" ብላኛለች። ብቻዬን የባሕር ዳርቻ ላይ ተጋድሜ ምን እንደምሠራ እሷ ታውቃለች።

ኢንሹራንሱን የሸጠችልኝ እዚሁ አጠገባችን ፕሌዘንተን ከተማ የምትሠራ ያገራችን ልጅ ናት። በስልክ ሁለት ዓይነት እንዳለ አስረዳችኝ። "ጋሼ፣ ርካሹም ኮቪድን ከቨር ያደርጋል። በውዱ ግን እዚያ ሳሉ ቢይዝዎት፣ ከሆቴል ክፍልዎ እስኪወጡ ድረስ ነርስ በየቀኑ ትደውልልዎታለች።"

"በየቀኑ?" አልኳት።

"በየቀኑ። እንዴት አደሩ፣ ምግብ ቀመሱ ወይ፣ ትኩሳቱስ እያለች ትጠይቅዎታለች።"

ባለፈው ጥር እዚሁ ቤቴ ይዞኝ ስተኛ፣ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ አንድም ጠያቂ ገብቶ አላየኝም። አልፈርድባቸውም፤ ሁሉም ፈርቷል። ከቤተክርስቲያን አንዱ ሾርባ በር ላይ አስቀምጦ፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ቴክስት አደረገልኝ። ቤዛም ቴክስት ታደርግ ነበር። እኛ እኮ ለጉንፋን እንኳ ብርቱካን ይዘን ገብተን የሰው ቤት የምንሞላ ሰዎች ነን!

ርካሹ ይበቃኝ ነበር። ውዱን ገዛሁ።

ልጅቷ የካርዴን ቁጥር ከተቀበለች በኋላ፣ "እንግዲህ ጋሼ፣ እግዜር የማያስፈልግዎት ያድርገው" ብላ መረቀችኝ።

አሜን ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። መስመሩ የተቋረጠ መሰላት መሰለኝ፣ "ሄሎ? ጋሼ፣ አሉ?" አለች።