ከሳሽም ተከሳሽም እኔ

ሰኞ
አልፈርድም አለች! እንቅልፍ አጣሁ ብል ሐኪሙ ወደ ሰናይት ላከኝ። በመድኃኒት ሳይሆን በማናገር ነው የምታክመው፤ ልጄ ትሆናለች በዕድሜ። በየቀኑ ራኩባዋ፣ የሣር ዳሷ ጥላ ሥር ተቀምጬ የመጣልኝን ሁሉ እንድናገር ታዘዝኩ። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ነውና ተናገርኩ። ታናሽ ወንድሜ ታደለ ፋው ከተማ ላይ ሚስት ሲያጭ ሽማግሌ አድርጎ የላከው ባዳ ነው። እኔ እያለሁ! የቱነይድባን ስደተኛ ካምፕ ባልና ሚስት ሁሉ ያስታረቅሁት! ካኮረፍኩት ዓመት አለፈ።
"ታዲያ አጥፊው ማነው?" አልኳት።
"እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ አባባ።"
የምትጽፈው ታዲያ የማንን መዝገብ ነው?

ማክሰኞ
እኔ የሆዴን ስዘረግፍ እሷ ከራሷ አንዲት ነገር አታወጣም። ይህ ግፍ ነው። "አንቺስ ከማን ተጣልተሽ ታውቂያለሽ?" ብላት "ለምን ማወቅ ፈለጉ?" አለች። ተከሳሽ እንዲህ ሲመልስ አይቻለሁ፤ ዳኛ ሲመልስ ግን ገና ዛሬ።
ከሁሉ የከነከነኝ ግን ታደለ በሌለበት መሰማቴ ነው። በሃያ ዓመት ሽምግልናዬ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ ሲሆን ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ አልሆነልኝም።

ረቡዕ
ደንብ ደንብ ነው ብዬ ለታደለ ጠበቃ ቆምኩለት። ከወንበሬ ተነሳሁና በእሱ ፈንታ፣ "ጋሼን ሦስት ጊዜ ለመንኩት" አልኩ። "አንዴ በዶሮ የተጣሉ ጎረቤቶችን ይዞ ነበር። አንዴ የሰው ሚስት ሊመልስ ሄዷል። በመጨረሻ ቆይ አለኝ፤ የልጅቷ አባት ደግሞ አልቆይም አለ።"
መልስ ልሰጥ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ተረታሁ! ያውም ራሴ ተሟግቼ!
ሰናይት አፏን በእጇ ከደነች፤ ሳል ነው አለች።
"ምን ተሰማዎት?"
"አፈርኩ። ፍረጂብኝና ይለቅልኝ።"
"ማሌሽ፣ ይቅርታ አባባ፣ ሰዓታችን አልቋል።"

ሐሙስ
አስታራቂ ልልክ አሰብኩ። የማውቃቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ግን ስለ ታደለ ስሳደብ የሰሙ ናቸው። ራሴ ደወልኩ። አነሳው።
"ጋሼ? ደህና ነህ?"
"በድዬሃለሁ" አልኩት። እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ ስልክ ነው።
"ሚስቴ አኩርፋ አባቷ ቤት ገብታለች። ናና አስታርቀን" አለ።
ይህን የምጽፈው ወደ ፋው የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ነው። ደስ ብሎኛል፤ ወንድሜን ላገኘው ነው። ግን ሚስቱንም መስማት አለብኝ። ታደለ ቢረታስ?